አቋራጭ፣ መመሪያና እንግዳ፦ ሰዎች በመስመር ላይ ዓለማት ውስጥ እንዴት እንደተገናኙና እንዴት እንደተላለፉ

በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



ስለ ቪዲዮ ጨዋታ የሚናገር የታሪክ መምህር ማየት ለአንዳንዶቻችሁ ግር የሚያሰኝ እንደሚሆን አውቃለሁ። ርእሱን ያመጣልኝ አንድ ተማሪ ነው። ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ሊያማክረኝ መጥቶ ሳለ ወሬያችን ወደ ጨዋታ አመራና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ስለሚኖሩበት አንድ የመስመር ላይ ዓለም ያወጋኝ ጀመር። እንዴት እንደለመደው ጠየቅሁት። «መምህር፣ ከመጀመሬ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ መመሪያ ሳነብ ነበር፤ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ ዐውቄ ነው የገባሁት» አለኝ። «ታዲያ በመንገድህ ማንን አገኘህ?» አልሁት። ጥቂት አሰበና «ማንንም። ሰው የማይበዛበትን መንገድ እኮ ነው መመሪያው የመረጠልኝ» ሲል መለሰ።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ ሳይወጣ ቆየ። ተማሪው ቅሬታ አላሰማም፤ እንዲያውም ጊዜውን በከንቱ ባለማባከኑ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ለእኔ ግን በሺህ ሰዎች መካከል ማንንም ሳያገኙ ማለፍ እንዴት የብልህነት ምልክት ሊሆን እንደቻለ የሚጠይቅ የታሪክ ጥያቄ ሆኖ ታየኝ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «መመሪያዎቹ ጨዋታውን ገደሉት» ይባላል። ይህ መልስ ከፊል እውነት ቢኖረውም በዋናው ነገር የተሳሳተ መሆኑን ዛሬ ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ። ሳንድቦክስ የሚለው ስያሜ ሕፃናት ከሚጫወቱበት የአሸዋ ሣጥን የተወሰደ ነው። አሸዋው ይሰጣል፤ ምን እንደሚሠራበት ግን አይታዘዝም። በእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ ነጋዴ፣ አንጥረኛ፣ ሽፍታ ወይም ሥራ ፈት መሆን ይችላል፤ የመጨረሻ ግብ የሚባል ነገር የለም። ቅልጥፍና የምለው ደግሞ በትንሽ ጊዜ ብዙ ማግኘትን ነው። ግልጽ የሚመስለው ይህ ትርጉም አንድ ችግር አለበት፤ ግብ በሌለበት ቦታ «ብዙ ማግኘት» ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ የሚወስን አንድ አካል ያስፈልጋል። ማን ይወስነዋል የሚለው ጥያቄ በታሪኩ ሁሉ አብሮን ይጓዛል።

የታሪኩን መነሻ በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ እናገኘዋለን። በ1978 ሮይ ትሩብሾ የተባለ ተማሪ መድ የሚል ስም የሰጠውን፣ ሥዕል የሌለውና በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የብዙ ተጫዋቾች ዓለም መሥራት ጀመረ፤ ሪቻርድ ባርትልም ሥራውን ተረክቦ አሳደገው። ባርትል በ1996 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፤ ስኬት ፈላጊዎች፣ መርማሪዎች፣ ወዳጅ ፈላጊዎችና ሌሎችን ማጥቃት የሚወዱ። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው። ሆኖም የጨዋታ ነዳፊዎች ከዚያ ወዲህ ሰውን በተፈጥሮው የተለየ ዓይነት እንደሆነ አድርገው እንዲያስቡ ሳያበረታታ አልቀረም። እኔ እንደማየው ግን ያው አንዱ ሰው እንደ መንገዱ ይለዋወጣል፤ ጀልባ የሚጠብቅ ሰው ወዳጅ ፈላጊ ይሆናል፣ ጀልባው ሲቀርለት ደግሞ ስኬት ፈላጊ።

ወደ ሰፊው ሕዝብ የደረሰው የመጀመሪያው ታላቅ ሳንድቦክስ በመስከረም 1997 የተከፈተው አልቲማ ኦንላይን ነው። ሪቻርድ ጋሪዮት የመሠረተው ኦሪጂን ሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሠራው፤ የንድፍ ሥራውን የመራው ራፍ ኮስተር ነበር። ነዳፊዎቹ ሣር የሚበሉ እንስሳት፣ እነርሱን የሚያድኑ አራዊት፣ ሲራቡም ቦታ የሚለቁ አዳኞች ያሉበት ሕያው ተፈጥሮ አቅደው ነበር። ዓለሙ ለሙከራ ሲከፈት ተጫዋቾች ያገኙትን ሁሉ ገደሉ። እንስሳቱ ከሚፈሉበት ፍጥነት ይልቅ የሚገደሉበት ፍጥነት ስለበለጠ ያ ሁሉ የተራቀቀ ሥርዓት ማንም ሳያየው ተወገደ። ይህን ያደረገው ክፋት ወይም መመሪያ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ምክንያታዊ የሆነውን አደረገ፤ ድምሩ ግን ባዶ ጫካ ሆነ።

በዚያው ዓለም ውስጥ እጅግ የምወደው ማስረጃ የንግግር ማስረጃ ነው። በአልቲማ ኦንላይን ተጫዋቹ የሚጽፈው ቃል ከራሱ በላይ ተጽፎ ለሁሉም ይታያል። በኮምፒውተሩ የሚንቀሳቀሱት ሻጮች፣ የባንክ ሠራተኞችና ዘበኞችም የተወሰኑ ቃላትን ሲሰሙ ይታዘዛሉ። «ባንክ» ላለ ሣጥኑ ይከፈትለታል፤ በከተማ ውስጥ ሳለ «ጋርድስ» ብሎ ለጮኸ ጠባቂ ይደርስለታል። ሐሳቡ ሰው በዓለሙ ውስጥ እንደ ሰው እንዲናገር ነበር። ተጫዋቾች ግን ብዙም ሳይቆዩ የሚያስፈልጓቸውን ቃላት ሁሉ በአንድ ቁልፍ ላይ አሰሯቸውና «ቬንደር ባይ ዘ ባንክ ጋርድስ» የሚል፣ በአማርኛ «ሻጭ ግዢ ባንኩን ዘበኞች» እንደማለት ያለ ትርጉም የለሽ ሐረግ የከተማው የዘወትር ዝማሬ ሆነ። ብሪትን በተባለችው ከተማ ባንክ ደጃፍ የቆመ ሰው ከደርዘን አፍ ይህንኑ ሲሰማ ይውላል። ንግግር ለሰው መሆኑ ቀርቶ ለበር መክፈቻ ዋለ ማለት ነው።

ነገር ግን አስተውሉ፤ ሐረጉን የሚደጋግሙት ሰዎች ሁሉ የቆሙት እዚያው ባንክ ደጃፍ ነው። ንብረት ሳይዘረፍ የሚቀመጥበት ቦታ ባንኩ ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ ወደዚያ ይመለሳል። በመመለሱም ገበያው፣ ወሬው፣ ዕርቁና ስድቡ እዚያ ተከማቸ። ማክሮው ንግግሩን ቢያበላሽም ሥፍራውን አላፈረሰውም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ መመሪያዎቹ ስንመጣ፣ ጨዋታው ራሱ አንድ ነገር አመቻችቶላቸው ነበር። አንድ ተጫዋች የሚይዘው የክህሎት ድምር ከ700 ነጥብ አያልፍም ነበር፤ በአንድ ክህሎትም የተለመደው ጣሪያ 100 ነበር። ስለዚህ ሰው ሊሆን የሚችለው ነገር በቁጥር ሊጻፍ የሚችል ሆነ። ስትራቲክስ የተባለው ድረ ገጽና መሰሎቹ የጦር መሣሪያውን፣ የክህሎቱንና የአራዊቱን ዝርዝር አስፍረው አሳተሙ። ቀድሞ አንጥረኛውን በመጠየቅ ብቻ ይታወቅ የነበረው ነገር በሌላ መስኮት ይነበብ ጀመር። እዚህ ላይ ለመመሪያ ጸሐፊዎቹ መመስከር እፈልጋለሁ። እነዚያን ሠንጠረዦች የሞሉት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ለገንዘብ አልሠሩም፤ አንዱ የለካውን ሌላው አረመ። መገናኘት ከዓለሙ ጠፋ ስንል፣ ከፊሉ ወደ መጻፊያው ጠረጴዛ ተዛወረ ማለታችን ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ወዳጅነት እውነተኛ ነበር፤ ተጠቃሚው አንባቢ ግን የዚያ ወዳጅነት ተካፋይ አልነበረም።

በግንቦት 2000 ሌላ ነገር ተከሰተ። ተጫዋች ተጫዋችን በፈለገበት ስፍራ ሊገድልና ሊዘርፍ መቻሉ ብዙዎችን አስመርሮ ስለነበር ኦሪጂን ዓለሙን ለሁለት ከፈለው፤ ፌሉካ የድሮው ሕግ ያለበት፣ ትራመል ያለ ፈቃድ የማይጠቃበት። ሕዝቡ ወደ ትራመል ጎረፈ፤ ፌሉካ ባዶ ሆነች። የድሮውን ዓለም የሚያወድሱ ትዝታዎችን ስታነቡ ይህ ክፍፍል እንደ ውድቀት ሲገለጽ ታገኙታላችሁ። እኔ ግን እነዚያን ትዝታዎች የጻፈው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ያልታሰበ እንግዳ ለአንዱ ጀብዱ ሲሆን፣ የዕለት ድካሙን በአንድ ቅጽበት ላጣው ማዕድን ቆፋሪ ግን ዝርፊያ ነው። ተዘራፊዎች ትዝታ አልጻፉም፤ ምርጫ ሲሰጣቸው ሄዱ። መሄዳቸው ድምፃቸው ነው።

በመጋቢት 1999 የተከፈተው ኤቨርክዌስት ሳንድቦክስ የሚባል ዓይነት አይደለም፤ በአንድ ምክንያት ብቻ እጠቅሰዋለሁ። ጨዋታው ሲጀምር የተደራጀ የገበያ ሥርዓት አልነበረውም። ተጫዋቾች ራሳቸው ኢስት ኮመንላንድስ በተባለው ሜዳ የሚገኝን አንድ መሿለኪያ መርጠው ገበያ አደረጉት። ማንም ለዚያ አልሠራውም፤ ለብዙዎች መዳረሻ ስለተመቸ ብቻ ሰው ተሰበሰበበት። በታኅሣሥ 2001 ሹፌሩ ሳይኖር ዕቃው የሚሸጥበት፣ ሻጩ ተኝቶ ገጸ ባሕርዩን ብቻ አቁሞ የሚያተርፍበት ባዛር በይፋ ተጨመረ። መሿለኪያው ጸጥ አለ። እንደ ገጠር ገበያ ነው፤ ገበያተኛው የሚመጣው ጨው ለመግዛት ቢሆንም የሰርግና የለቅሶ ወሬ የሚሰማው እዚያው ነው፤ ጨው ቤቱ ድረስ ከመጣለት ወሬውን ብቻ ብሎ አይወጣም።

አሁን ይበልጥ ልቆይበት ወደምፈልገው ጉዳይ ደርሻለሁ። ራፍ ኮስተር ከአልቲማ ኦንላይን በኋላ በሶኒ ኦንላይን ኢንተርቴይንመንት ስታር ዋርስ ጋላክሲስ የተባለውን ጨዋታ በፈጠራ ኃላፊነት መራ። በሰኔ 2003 ተከፈተ። በእኔ ግምት ሰዎች እንዲገናኙ ታስቦ እንደዚህ ጨዋታ የተነደፈ ሌላ ዓለም የለም። መሠረቱ መፈላለግ ነበር። የተዋጋ ሰው ይደክማል፤ የውጊያ ድካሙና የአእምሮ ቁስሉ የሚለቀው በመጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ የሌላ ተጫዋች ሙዚቃ ሲሰማ ወይም ጭፈራ ሲያይ ነው። የአካል ቁስሉን ደግሞ ሐኪም የሆነ ተጫዋች ያክመዋል። ጥሩ መሣሪያ የሚገኘው ከተጫዋች አንጥረኛ ነው፤ መሣሪያው ያረጃል፣ ገዢውም ይመለሳል። ጥሬ ዕቃው እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ጥራቱ ስለሚለያይ የአንዱ አንጥረኛ ሥራ ከሌላው ይበልጣል፣ ስሙም ይወጣል። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ለመሄድ የማመላለሻ መንኮራኩር መጠበቅ ነበረበት፤ በሚጠበቅበት ስፍራም ሰው ይጨዋወታል።

መጠጥ ቤቱን በእኛ አነጋገር የአዝማሪ ቤት ብንለው ከእውነት አንርቅም። ጦረኛው የሚገባው ለመዳን ነው፤ እስኪድን ግን የሚያደርገው ስለሌለ ያወራል፣ ለሙዚቀኛው ጉርሻ ይሰጣል፣ የሚቀጥለውን ጉዞ ጓደኛ እዚያው ያገኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዋጋት የማይፈልጉ፣ ጨዋታውን የገዙት ሙዚቀኛ ለመሆን ብቻ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። በሌሎች ጨዋታዎች ቦታ የሌላቸው እነዚህ ሰዎች እዚህ ያለ እነርሱ የማይሆን ሥራ አገኙ።

ይህንን ዓለም ያናጋው አንድ ምስጢር መገለጡ ነው። ከፊልሞቹ እንደምታውቁት ጄዳይ የሚባሉ ልዩ ኃይል ያላቸው ጥቂት ተዋጊዎች አሉ። ጨዋታው ሲከፈት ጄዳይ እንዴት እንደሚኮን ማንም ተጫዋች አያውቅም ነበር። ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ሰው ከጨዋታው ሙያዎች መካከል የተወሰኑትን በዕጣ ይመድባል፤ ሰውዬው የተመደቡለትን ሳያውቅ እነዚያን ሙያዎች እስከ መጨረሻው ከተማረ በሩ ይከፈትለታል። ሐሳቡ፣ ጄዳይነት የተለያየ ሕይወት ለኖረ ሰው ሳይታሰብ እንዲመጣ ነበር። ወራት አለፉ፤ ጄዳይ አልታየም፤ ጥድፊያውና ጭቅጭቁ በረታ። በ2003 መገባደጃ ሆሎክሮን የተባለ ዕቃ ተጨመረ፤ ያገኘው ሰው ከተመደቡለት ሙያዎች አንዱን ይነግረዋል። የመጀመሪያዋ ጄዳይ በኅዳር ወር ታየች።

ውጤቱን ለመገመት አያስቸግርም። ምስጢሩ ወደ ዝርዝር ተለወጠ፤ ዝርዝሩም ወደ ሥራ። ሙያዎቹን ሁሉ በፍጥነት የመጨረስ ዘዴ በየድረ ገጹ ታተመ። ለመዋጋት የተፈጠረው ሰው ጄዳይ መሆን ስለፈለገ ብቻ ሙዚቀኛ ሆነ፤ ሙዚቃውን ለማክሮ ሰጥቶ እንቅልፉን ተኛ። መጠጥ ቤቶቹ ከምን ጊዜውም በላይ በሰው ተሞሉ፤ የሚያናግር ግን ጠፋ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይህ ነው። የተወደደ ሙያቸውን ትተው የማይወዱትን በዝርዝሩ መሠረት የተያያዙት ደግሞ ጨዋታውን ከነጭራሹ ተሰላቹት። ኮስተር ከዓመታት በኋላ፣ በ2015፣ ይህን ታሪክ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በግልጽ ጽፎታል፤ ጥፋቱንም በተጫዋቾች ላይ አልጫነም።

እኔም አልጭንም። እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። ከሆሎክሮን በፊትም መመሪያዎች ነበሩ። ስዊግክራፍት እየተባለ የሚጠራው ድረ ገጽ በየፕላኔቱ የወጣውን ጥሬ ዕቃ ጥራት በተጫዋቾች መዋጮ ይመዘግብ ነበር። ያ መመሪያ አንጥረኞችን አላራራቃቸውም፤ ማዕድኑ ተለዋዋጭ ስለሆነ የዛሬው መረጃ ነገ ያረጃል፣ ስለዚህ መጠያየቁ ይቀጥላል። የሆሎክሮኑ መመሪያ ግን ከዚህ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሽልማት ሠራና ግብ ያልነበረው ዓለም ግብ አገኘ። ከዚያ በኋላ «ብዙ ማግኘት» ምን እንደሆነ ተጫዋቹ ራሱ አልወሰነም፤ ተወሰነለት። ሁለተኛ፣ ሙያን ከማኅበራዊ ቦታው ነቅሎ ወደ ጊዜያዊ መሰላል ለወጠው። መመሪያው ያደረገው ቢኖር የተሠራውን መሰላል ማሳየት ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በኅዳር 2005 ድርጅቱ ጨዋታውን ከሥር መሠረቱ ለወጠው፤ ከ30 በላይ የነበሩት ሙያዎች ወደ 9 ዝቅ አሉ፣ ጄዳይነትም ከመጀመሪያው ቀን የሚመረጥ ተራ ሙያ ሆነ። ብዙዎች ሄዱ። ጨዋታው በታኅሣሥ 15 ቀን 2011 ተዘጋ።

ከዚህ አሳዛኝ ታሪክ ተነሥቶ «ተጫዋቾች ራሳቸው ቢጠየቁ ኖሮ መገናኘትን ይመርጡ ነበር» ብሎ መደምደም ይቀላል። እንዲህ ዓይነቱ ምርጫ በእርግጥ የቀረበበት አንድ ጊዜ አለ፤ መልሱ ግን እንደምንመኘው አልነበረም። ሩንስኬፕ በጥር 2001 በእንግሊዝ አገር የጎወር ወንድማማቾች ያስጀመሩት፣ በተራ የኢንተርኔት መቃኛ የሚከፈት ጨዋታ ነው። ለረጅም ጊዜ ንግድ የሚካሄደው ሰው ለሰው ነበር፤ ሻጩ በባንክ ደጃፍ ቆሞ ዋጋውን እየደጋገመ ይጽፋል፤ የቫሮክ ከተማ ምዕራባዊ ባንክ በዚህ ዝነኛ ነበር። በኅዳር 2007 ባለቤቱ ድርጅት ጃጌክስ ግራንድ ኤክስቼንጅ የተባለውን ማዕከላዊ ገበያ ከፈተ፤ ዋጋህን ታስገባለህ፣ ሥርዓቱ ከማታውቀው ሰው ጋር ያገበያይሃል። ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ ይለያያሉ።

በየካቲት 2013 ጃጌክስ ከነሐሴ 2007 የተረፈ ቅጂ አንሥቶ የድሮውን ዓለም እንደገና ከፈተው፤ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ይባላል። ያ ቅጂ ከግራንድ ኤክስቼንጅ በፊት ያለ ስለሆነ ሰው ለሰው የሚገበያይበት ዘመን ተመለሰ። ከዚህም በላይ አዲስ ነገር የሚጨመረው ከመራጩ 75 በመቶው ሲደግፈው ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። ለታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይገኝም፤ ያለፈው ዘመን ተመልሶ፣ ሕዝቡ በድምፁ ይጠብቀው ወይም ይተወው ዘንድ ተሰጠው። በ2015 የድሮው ዓለም ሰዎች ግራንድ ኤክስቼንጅን መርጠው አስገቡት።

ለምን? ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር ብናይ መልሱ ይገኛል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብዙዎች ዋጋ የሚያዩትና ገዢ የሚፈልጉት ዚቤዝ በተባለ ውጫዊ ድረ ገጽ ላይ ነበር። ገበያው አስቀድሞ ከዓለሙ ወጥቷል፤ በቫሮክ ባንክ ደጃፍ የቀረው ዕቃ የመረካከቡ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫው በጨዋታው ውስጥ ባለ ገበያና በውጪ ባለ ገበያ መካከል እንጂ በመገናኘትና ባለመገናኘት መካከል አልነበረም። መራጮቹን ሰነፎች የሚላቸው ሰው ይህን መርሳቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እነዚህ መመሪያዎችና የዋጋ ሠንጠረዦች አብዛኞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ከዚህ የተነሣ ቋንቋውን በደንብ የማያነብ ተጫዋች፣ የእኛን አገር ልጆች ጨምሮ፣ ዛሬም ቢሆን ሰው መጠየቅ ይቀናዋል። ተማሪዎቼ እንደሚነግሩኝ በቴሌግራም ቡድኖቻቸው «ይሄን ነገር የት ነው የሚገኘው?» እየተባባሉ የሚጫወቱ አሉ። ይህን እንደ ድህነት ብቻ ማየት እንደሌለብን ይሰማኛል፤ እንደ በረከት ብቻ ማየትም ደግሞ ጠያቂውን ማሾፍ ይሆናል። መረጃው ቢኖረው ያነበው ነበር።

ወደ አይስላንድ እንሻገር። በሬይክያቪክ የሚገኘው ሲሲፒ በግንቦት 2003 የከፈተው ኢቭ ኦንላይን ተጫዋቾችን ሁሉ በአንድ ጠፈር ውስጥ የሚያኖር ሳንድቦክስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታላቁ የንግድ ማዕከል ዩላይ የሚባል ሥርዓተ ፀሐይ ነበር፤ ምክንያቱም ፈጣን የበሮች አውራ ጎዳና በዚያ ያልፋል። ሲሲፒ አውራ ጎዳናውን ሲያነሣው ዩላይ ተራ ስፍራ ሆነ፤ ነጋዴዎቹም ማንም ሳያዝዛቸው ጂታ በተባለ ሌላ ሥርዓተ ፀሐይ ተሰባሰቡ። እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው። ከጂታ እንደምንረዳው መገናኛ ቦታን ንድፍ አውጪ ሊያፈርሰው ይችላል፤ የሚቀጥለውን ግን ሁልጊዜ እርሱ አይመርጥም።

በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ሲገቡ በሥርዓተ ፀሐዩ ያለውን ተጫዋች ሁሉ በስም የሚያሳይ ዝርዝር አለ። ብልህ ተጫዋች ዝርዝሩን እያየ፣ እንግዳ ስም ብቅ ባለ ቅጽበት ይሸሻል። በሐምሌ 2019 ሲሲፒ በሩቁ ሕግ አልባ ጠፈር ይህን ዝርዝር ሰወረው፤ ስምህ የሚታየው ከተናገርህ ብቻ ሆነ። አዳኞች ተደሰቱ፤ ማዕድን ቆፋሪዎች ግን ብዙዎቹ ከመውጣት ተቆጠቡ፣ የተጫዋቹም ቁጥር ቀነሰ። በመስከረም ወር ዝርዝሩ ተመለሰ። መረጃን በአዋጅ መንሣት ሰዎችን ያገናኛል ብሎ ለሚያስብ ሁሉ ይህ ሁለት ወር መጠናት ያለበት ነው። የ1997ቱን ድንቁርና መልሶ ማምጣት አይቻልም፤ ያ ድንቁርና የጋራ ነበር፣ ይህኛው ግን ተወስኖ የተጫነ ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በጥንታዊ መልኩ ሲከፈት የታየውም ይህንኑ ያጠናክራል። ራግናሮስ የተባለውን ታላቅ ባላንጣ ለመጣል በመጀመሪያው ዘመን ወራት የፈጀ ሲሆን፣ አሁን በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ወደቀ። ዓለሙ የጥንቱ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ክምችት ነበር። ማይንክራፍትን ደግሞ ካነሣን፣ ከ2009 ጀምሮ እስከ 2017 ድረስ በጨዋታው ውስጥ የዕቃ አሠራር መማሪያ መጽሐፍ አልነበረም፤ ሰው የሚማረው ከዊኪውና ከጓደኛው ነበር። ብዙ ሕፃናት ማንበብን የተለማመዱበት ዊኪ እንደነበር ወላጆች ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ለእኛ ለታሪክ ሰዎች የሚቀረው ችግር የማስረጃ ነው። መመሪያዎቹ አሉ። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ተቋም የድሮ ድረ ገጾችን በማኖሩ በሃያ ዓመት በፊት የትኛው ሰይፍ ምን ያህል ይጎዳ እንደነበር እስከ ነጥቡ ማወቅ እንችላለን። መንኮራኩር በሚጠበቅበት ስፍራ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ምን እንደተባባሉ ግን የመዘገበ የለም፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ በእጁ ያለውን ሰነድ ብቻ ተከትሎ ቢጽፍ፣ እነዚህ ዓለማት ቀልጣፋ ሠራተኞች ብቻ የኖሩባቸው ፋብሪካዎች ይመስሉታል። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መቀበል ያለብን ለዚህ ነው፤ በተለይም የሙዚቀኛዎቹን፣ የሐኪሞቹንና የተዘራፊዎቹን። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚፈልጉ ተማሪዎች ካሉ ቢሮዬ ክፍት ነው።

አስቀድሜ ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነገር ተመልሼ ላብቃ። ግራንድ ኤክስቼንጅ ሰው ከሰው ጋር ሳይተያይ እንዲገበያይ የተሠራ ነው ብያለሁ። ነገር ግን ለመገበያየት ወደ ሕንፃው በእግር መሄድ የግድ ነው፤ ባንክም አለው። ዛሬ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን ከፍታችሁ ወደዚያ አደባባይ ብትሄዱ፣ መጠየቂያ ቁልፏን ሲጫኗት የጨዋታውን ዊኪ የምትከፍት፣ ዋጋው ሁሉ የታወቀባት ዓለም ውስጥ ሳላችሁ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ከሕንፃው ዙሪያ ቆሞ ታገኛላችሁ። ግዢውን የጨረሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ልብሱን ያሳያል፤ አንዳንዱ ያጭበረብራል፤ አንዱ ስለ ፈተናው ያወራል፤ ሌላው ምንም ሳይል ቆሟል።